በይማም ዱላ አልወደቅሁም

ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። የማይረሳኝ ክፉኛ ስለታመምኩ አይደለም። በዚህ ዕድሜ መታመም ምን ይደንቃል? የማይረሳኝ ደረቴን ጠቅ ባደረገኝ ቁጥር ከእኔ ይልቅ የሚንቀጠቀጥ ሌላ ሰው ስላለ ነው። ሰውዬው ይማም ይባላል። ግራና በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ከቦዩ ማዶ ያለው እርሻ የሱ ነው። ከቦዩ ወዲህ ያለው የኔ።

እኔ አራጌ እባላለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልጻፍኩም። ቃሌ ቢጎረብጣችሁ ታገሡኝ፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

ወሩ ጥር ነበር። ሽንኩርት ራስ የሚቋጥርበት፣ አንድ ተራ ውሃ ካመለጠው የሚቀጭጭበት ጊዜ ነው። እኛ ዘንድ የመስኖ ውሃ በተራ ነው የሚጠጣ። ተራውን የሚያውቀው የውሃ አባት የምንለው ሰው ነው፤ ያን ሰሞን እሱ ለቅሶ ሄዶ ነበር። እኔ ተራው የኔ ነው አልኩ። ይማም የኔ ነው አለ። ዛሬም ቢሆን ተራው የኔ ነበር፤ ይህን አልለውጥም።

ጠዋት ወርጄ ሳይ ቦዩን በሣርና በጭቃ ደፍኖ ውሃውን ወደ ማዶ አዙሮታል። ድፍኑን በእግሬ በተንኩት።

«አያ አራጌ፣ ይተዉ» አለኝ ዱላውን ተመርኩዞ። «ትናንት ሲያጠጡ ነው የዋሉት። ሽንኩርት ነው የተከሉት ወይስ ጉማሬ?»

«አንተን የውሃ አባት ያደረገህ ማነው?» አልኩት። «አባትህም ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ሲሰርቅ ነው የሞተ።»

ይህን ማለት አልነበረብህም ይሉኛል። ብያለሁ።

ያኔ ይማም አንቱታውን ጣለው። «የአባቴን ስም አታንሣ! ሽበትህን አይቼ የምተውህ እንዳይመስልህ!» አለ። ዱላዬን አነሣሁና ትከሻው ላይ አሳረፍኩለት። ጮኸ። ደገምኩት፤ ክንዱን አገኘሁት። እሱም በተራው ዱላውን ከራሱ በላይ አነሣ።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። የይማም ዱላ አየር ላይ ነበር። አልወረደም። እኔ ልሠልስለት ስዘጋጅ ቀኝ እጄ ተከፈተ። ዱላዬ ወደቀ፤ እጄ ግን መውደቁን አልነገረኝም። ጎንበስ ብዬ ላነሣው ስል ቀኝ እግሬ ከሥሬ ጠፋ። አፌ ወደ አንድ ወገን ሲጎተት ይታወቀኛል። ቦዩ ዳር ካለው ድንጋይ ጋር በግንባሬ ተላተምኩና ውሃው ውስጥ ተደፋሁ።

ውሃው በደሜ ቀላ። ፊቴን ማንሣት አልቻልኩም። ጭቃው በአፍንጫዬ ገባ። ከጉልበት በታች በሆነ ውሃ ልሞት ነው ብዬ አሰብኩ፤ አፈርኩም።

በአንገቴ ይዞ ያወጣኝ ይማም ነው። «አያ! አያ አራጌ! ምን ሆኑ? ወላሂ አልመታሁዎትም! ወላሂ አልነካሁዎትም!» ይላል። አዎ፣ አልነካኸኝም ልለው ፈለግሁ። አፌ ውስጥ ቃል የለም።

ከላይ ባለው እርሻ የሚኮተኩቱ ሰዎች ነበሩ። እነሱ ያዩት ከሩቅ ነው፤ ዱላ ሲነሣ፣ ሰው ሲወድቅ፣ ደም ሲፈስ። «ይማም አራጌን ገደለው!» ብለው ጮኹ። እሪታው ከእርሻ እርሻ ተቀባብሎ ሰፈር ገባ። ይማም ዳር ላይ አስቀመጠኝና ጫማውን ጥሎ ሮጠ። እኔም ብሆን እሮጥ ነበር።

በቃሬዛ መንገድ አወጡኝ። በባጃጅ መርሳ፣ ከመርሳ በመኪና ወልድያ ሐኪም ቤት። አብራኝ የሄደችው ሚስቴ ጥሩነሽ ናት። ልጄ ሞላ አልመጣም። ክላሹን ይዞ ወደ ይማም ቤት ነው የሄደው።

እዚያ ያደረገውን በኋላ ራሱ ነግሮኛል። ይማምን ቢያጣው በሩን በሰደፍ ገነጠለ። የጭዱን ክምር ለኮሰ። ጭዱ ሲነድ በረት ውስጥ ያለው በሬ ደንግጦ ሲወጣ ግንባሩን ተኩሶ ጣለው። «ይህ መያዣ ነው፤ ዋናው ይቀራል» አለ። ቀጥሎ መጥረቢያ አንሥቶ የማንጎ ዛፎቹን ይጥል ጀመር፤ ፍሬ የያዙ፣ የይማም አባት የተከላቸው ናቸው። የይማም ሚስት ዘይነባ አንዱን ዛፍ አቅፋ «እንግዲህ ይህን ከነኔ ቁረጠው!» ስትለው ነው መጥረቢያውን የወረወረው።

ይማም አበጋሩ ቤት ገብቶ ኖሯል። አበጋር ማለት እኛ ዘንድ ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ ነው፤ ሥራው ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ነፍስ አጠፋ የተባለ ሰው የአበጋሩ አጥር ውስጥ ከገባ ደመኛው ደጁን አይረግጥም። ሞላም አልረገጠም። ከአጥሩ ውጭ ክላሹን ታቅፎ ዋለ።

ወልድያ ያከመችኝ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ጭንቅላቴን በማሽን አነሡት። ሞላ ሲመጣ አስጠርታ እዚያው አልጋዬ አጠገብ ነገረችው።

«ዱላ አይደለም» አለችው። «አጥንታቸው ደህና ነው። ግንባራቸው የተሰነጠቀ ሲወድቁ ነው። የአንገታቸው ደም ስር በስብ ጠብቦ ኖሮ፣ እዚያ የረጋ ደም ተነሥቶ ወደ ጭንቅላታቸው ሄዶ ዘጋው። ስትሮክ ነው።»

«ዶክተር፣ ስንጥቁን እያየሽው?»

«የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

«በዱላ ሲሉት ደም ስር አይጠብም?»

«ደም ስር በዱላ አይጠብም። ለመጥበብ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል» አለች።

ሞላ አላመናትም። ወደ እኔ ዞረ። «አባ፣ እሱ ነው አይደል የመታዎት? ይማም ነው አይደል?»

አይደለም ለማለት ራሴን ላወዛውዝ ሞከርኩ፤ ራሴ አልታዘዘኝም። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው የጥጃ ድምፅ ነው። አንድ ሰው ሊገደል ነው፤ የሚያድነው ቃል ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ነው፤ ቃሉ አይወጣም። ከንዴቴ ብዛት አለቀስኩ። ሞላ እንባዬን አይቶ «በቃ፣ ነገሩኝ» አለ። እንባዬን መልስ አደረገው።

ሐኪሟ ብርድ ልብሱን ገልጣ ጣቷን ከቁርጭምጭሚቴ ሥር አሳረፈች። «ትርታው እግራቸውም ላይ ደካማ ነው። ሲሄዱ ባታቸውን ያማቸዋል?»

«ዳገት ላይ ቆም ቆም ይላሉ» አለች ጥሩነሽ። «እኛ እኮ እርጅና መስሎን ነው።»

«እርጅና ብቻ አይደለም። ያው የደም ስር በሽታ አንገታቸውም እግራቸውም ላይ አለ፤ ልባቸውም ላይ አይጠፋም። ከስትሮክ የተረፈ ሰው ሁሉ እኩል ዕድሜ አይኖርም። ደም ስሩ ብዙ ቦታ የጠበበበት ቶሎ ነው የሚሄደው። ወይ ስትሮኩ ይደግመዋል፣ ወይ በልብ ይመጣበታል። መድኃኒቱ ዕድሜ ልካቸውን ነው። የሚያጨሱት ሲጋራም ካሁን ወዲያ የለም።»

እሷ የነገረችን እንዴት እንደምኖር ነው። ሞላ የሰማው ሌላ ነው።

«እንዲያ ከሆነ አባቴ ከርሞ ቢሞት ከዚሁ የተነሣ ነው» አላት።

«ከደም ስራቸው የተነሣ ነው» አለች።

«ከይማም የተነሣ ነው» አለ።

ቤት ስመለስ ሽማግሌዎች ገብተውበት ነበር። አበጋሩ ዓይናቸው የፈዘዘ ሸህ ናቸው። ነገሩን እንዲህ አሰሩት። አራጌ በሕይወት ካለ ጉዳዩ የማቁሰል ነው። ከሞተ የደም ነው። እስኪለይ ድረስ ይማም ቦዩን አይሻገር፤ ሞላም መሣሪያ ይዞ ቦዩ አጠገብ አይድረስ። ሞላ በመስቀል፣ ይማም በቁርዓን ማሉ።

እንግዲህ አስቡት። የይማም ነፍስ በእኔ ደም ስር ላይ ታሰረች።

አንደበቴ የተመለሰው በስንት ጊዜው ነው። አስቀድሞ የመጣልኝ ስድብ ነው፤ ጥሩነሽ «እልል፣ ዳነ!» ያለችው ያን ዕለት ነው። ሌላው ቃል ሲመጣልኝ ሞላን ጠራሁትና «ይማም አልመታኝም» አልኩት።

«አባ፣ ጭንቅላትዎ ተነክቷል። የሚሉትን አያውቁም» አለኝ።

ለሽማግሌዎቹም ነገርኩ። ዘመዶቼ ከውርጌሳ መጥተው «የታመመ ሰው ቃል አይያዝም» ብለው ተከራከሩ። አንዱ ደግሞ «ትናንት ጥሩነሽን በላሟ ስም የጠራት እሱ አይደለም?» አለ። ሳቁ። እውነት ነው፣ ጠርቻታለሁ። የሚስቴ ስም ቢጠፋኝ የይማም ዱላ አየር ላይ መቅረቱ ግን አልጠፋኝም! ማን ይስማኝ?

ትንሽ እንደቆየሁ መድኃኒቱን ተውኩት። ለምን ቢባል ድኛለሁ። እጄ እርፍ ባይይዝም ማንኪያ ይይዛል። ደግሞስ የማያልቅ መድኃኒት ምን ዓይነት መድኃኒት ነው? ለወባም ለቁስልም የሚሰጡን ያልቃል። ዕድሜ ልክ የሚዋጥ እንጀራ ብቻ ነው። ሲጋራዬንም ለኮስኩ።

ወሬው በጥሩነሽና በዘይነባ በኩል ቦዩን ተሻገረ። እነሱ ውሃ ሲቀዱ ይገናኛሉ፤ የወንድ ጠብ ለሴቶቹ ውሃ መቅጃ አይደርስም። በማግስቱ እርሻዬ ዳር ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ ከማዶ ድምፅ መጣ።

«አያ አራጌ! ዛሬ ዋጡ?»

«ምን አገባህ?»

«እንዴት አያገባኝም! ነፍሴ እኮ በርስዎ ጉሮሮ ነው የምታልፈው!»

«ሂድ ሽንኩርትህን ኮትኩት!»

«ሳይውጡ አልሄድም። እንዲህ አድርገው ከሚገድሉኝ ያኔውኑ በዱላ ቢጨርሱኝ ይሻል ነበር!»

በየጠዋቱ እንዲህ ሆነ። ሰፈሩ ሳቀብን። እኔ «ዋጥኩ» እለዋለሁ፤ እሱ «ምላስዎን ያውጡ!» ይላል፤ ከቦዩ ማዶ ሆኖ ምን ሊያይ! ሲጋራ አፌ ላይ ካየ ጭቃ ይወረውርብኛል። እኔም በግራ እጄ እመልስለታለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያ ጭቅጭቅ ሳይኖር የሚውል ቀን ያስጠላኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ጭቃው ጋቢዬ ላይ አረፈ። ያን ቀን ሞላ ከኋላዬ ነበር፤ እኔም ይማምም አላየነውም። ሞላ ያየው የአባቱ ደመኛ አባቱን በጭቃ ሲመታ ነው። መሐላውን ረሳ። ቤት ገብቶ ክላሹን ይዞ ወጣ፤ ቦዩን በአንድ ዝላይ ተሻገረው።

ይማም እጁን ወደ ላይ አነሣ። ሞላ በሰደፍ ግንባሩን አለው። የአጥንቱ ድምፅ እኔ ድረስ ተሰማኝ። ይማም በጉልበቱ ወረደ። ሁለተኛውን አፉ ላይ አሳረፈለት፤ ጥርሱን ከነደሙ ሲተፋው አየሁ። ዘይነባ ከሽንኩርቱ መሐል ተነሥታ የሞላን ክንድ በማጭድ ቀደደችው። ሞላ በክርኑ ደረቷን ብሎ ጣላት። ደሙ እየተንጠባጠበ ክላሹን አቀባበለ።

ተነሣሁ። ምርኩዜን ጣልኩ። ቦዩን እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም። ባቴ እንደ እርጥብ ገመድ ተጠማዘዘ፤ አልቆምኩም። «ሞላ! እኔን ምታ! እኔን!» እያልኩ በአፈሙዙና በይማም መካከል ገባሁ። አፈሙዙን በግራ እጄ ያዝኩና ወደ ላይ ገፋሁት። ጥይቱ ባረቀ። በጆሮዬ አጠገብ አልፎ ሰማይ ሄደ። ብረቱ መዳፌን ለበለበኝ።

ያን ጊዜ ደረቴ ተያዘ። በሬ የቆመብኝ ነው የሚመስል። ግራ ክንዴ ዛለ፤ ላብ አጠመቀኝ። ልጄን ዓይን ለዓይን እያየሁት፣ ማንም ሳይነካኝ፣ ወደቅኩ።

ሞላ «ገደልከው!» ሊል አፉን ከፈተ። ማንን ይበል? ይማም ተንበርክኮ ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል። ዱላ የለ፣ ድንጋይ የለ። ሞላ ክላሹን አየ፤ እኔን አየ። «ጥይቱ ነው? አባ፣ ጥይቱ አገኘዎት?» እያለ ልብሴን ቀደደው። ደረቴን፣ ጀርባዬን፣ አንገቴን ፈተሸ። የጭረት ምልክት እንኳ አጣ።

ቀድሞ የነቃ ይማም ነው። «ደም ስራቸው ነው! ምን ትዳብሳቸዋለህ፣ አንሣቸው!» አለ፤ ቃሉ በተሰበረው ጥርሱ መሐል እያፏጨ። በጀርባው አዘለኝ። የግንባሩ ደም በእጄ ላይ ይወርዳል፣ ይሞቃል። ሞላ ክላሹን እዚያው ጥሎ እግሬን ደግፎ ከኋላ ይሮጣል። መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ ማን ማንን እንደገደለ ግራ ገባው።

ወልድያ ያችው ሐኪም ነበረች። «የልብ ደም ስር ነው» አለች። «መድኃኒታቸውን ይውጡ ነበር?»

እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጥሩነሽ ብርድ ልብሱን ታስተካክል ጀመር።

«አይውጡም ነበር» አለ ይማም ግንባሩን ሊሰፉለት ከጎኔ ተቀምጦ። «ስንት ጮኽኩ።»

«አንተ ልጃቸው ነህ?» አለችው።

«የለም» አለ። «ገዳያቸው ነኝ።»

ሐኪሟ ክሩን ይዛ ቀረች። ሞላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ክንዱ በጨርቅ ታስሯል። ወጣና ደጅ ላይ ራሱን በጉልበቶቹ መሐል ቀብሮ ተቀመጠ አሉ። ሲመለስ ዓይኑ ደም ለብሷል። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«አባ፣ ማንም አልነካዎትም ነበር» አለ።

«ያኔም ማንም አልነካኝም» አልኩት።

እጄን ያዘኝ፤ የተለበለበውን። አመመኝ፤ አልነገርኩትም።

እኔ ከአልጋ እንደተነሣሁ ሞላ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ አበጋሩ ፊት ይማም እግር ሥር ወደቀ። መሐላ ያፈረሰ ሰው የሚቀጣው ሌላም አለ፤ ያንንም ተቀበለ። የራሱን በሬ እየነዳ የይማም በረት አስገባ። ይማም ድንጋዩን በእጁ አወረደለት። ዘይነባ ግን እስከ ዛሬ ሞላን ቀና ብላ አታየውም። አልፈርድባትም። የተቆረጠ ማንጎ በይቅርታ አያፈራም።

ሐኪሟን ምን ያህል እኖራለሁ ብዬ ጠየቅኋት። ደግ ናት፤ ግን አልዋሸችኝም። «ስትሮክም ልብም የጎበኘው ሰው መንገዱ አጭር ነው» አለችኝ። «መድኃኒቱ ያረዝመዋል እንጂ ደም ስርዎን አዲስ አያደርገውም።» እኔም ሲጋራውን ተውኩ፤ ኪኒኑን እውጣለሁ። ይማም አሁን ቦዩን ተሻግሮ እየመጣ አፌን ያያል። ስለ ውሃ ተራ ዛሬም እንጣላለን፤ በአፍ ብቻ።

ታዲያ ይህን ለምን ጻፍኩ? ሞላ አይቶ አምኗል። ውርጌሳ ያሉት ዘመዶቼ ግን አላዩም። ባለፈው ለቅሶ ላይ አንዱ «አራጌ ከይማም ዱላ ወዲህ ሰው አልሆነም፤ ቀኑ ሲደርስ እናያለን» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። እኔ አጠገቡ ቆሜ! ሞት አያስፈራኝም፤ ዕድሜ ጠግቤያለሁ። የሚያስፈራኝ ከቀብሬ ማግስት የሚሆነው ነው፤ እኔ ደግሞ ያኔ እንደገና አፍ የለኝም።

ስለዚህ አፍ እያለኝ እናገራለሁ፤ የሰማችሁ ላልሰማ አሰሙ። ነገም ይሁን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አራጌ ሞተ ሲባል ወደ ይማም ደጅ የሚሄድ ዘመዴ አይደለም፣ አላውቀውምም። ሞቴን ለማንም አትስጡብኝ። የራሴ ነው።